ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም

ከአዌቱ ማዶ ነው ቤቱ፤ ቆርቆሮው በዝናብ ሲመታ
ተራዬ ነበረ ያኔ፣ ሐሙስ ለዓርብ ማታ።
ዐሥራ አንድ ልጅ ነው ያለን፣ ዐሥራ አንድ ፍራሽ፣ አንድ መብራት፤
በየሁለት ሰዓቱ ቆጥሮ መፈረም ነው የቤቱ ሥርዓት።

ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ በላስቲክ የተሸፈነ፣
«የአያያዝ መስፈርት» የሚል፣ ጥጉ በእርጥበት የመነመነ፦
አልጋ ከአልጋ ስንት ይራቅ፣ ውሃ ስንት ሊትር ይጠጣ፣
ልጅ ለስንት ደቂቃ ወደ ፀሐይ ይውጣ።
እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሥልጠናውን ወስጃለሁ፤
ሦስት ቀን ነበር፣ ከነአበሉ፤ ሰርተፊኬት ይዣለሁ።

ሚፍታህ አዲስ ገቢ ነው። ዐሥራ ሦስት ነው ዓመቱ፤
ከሂርማታ ገበያ ነው፤ አንድ ስልክ ነው ስርቆቱ።
ከአልጋው ሥር ነው የሚተኛው፣ ከላይ ብርድ ልብሱን አንጥፎ፤
ስቆጥር እግሩን ያሳየኛል፣ ወደ መብራቱ አሳልፎ።
እኔም እግሩን እቆጥራለሁ፤
መዝገቡ ላይ ሰው እለዋለሁ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ያ የማይናገር ልጅ
አፉን በበሩ ቀዳዳ አስጠግቶ
«አዴ፣ ቁልፍ ስጪኝ» አለኝ።
«ለነገ። አንድ ብቻ።»

ልቤ ቀጥ አለች።
ወገቤ ላይ ስድስት ቁልፍ፣ በአንድ ቀለበት የታጎረ፤
ባለፈው ዓመት ልጅ አምልጦ፣ ዘበኛው ከሥራ ተባረረ።
ኮጪ የኪራይ ቤት አለኝ፤ የሚጠብቁኝ ልጆች አሉ፤
አለቆቼም «የሰማሽውን ሳታስቀሪ ጻፊ» ይላሉ።

ጻፍኩ፦
«ሌሊት፣ 8፡00። ተራ ቁጥር ዐሥራ አንድ።
ቁልፍ ጠይቋል። የማምለጥ ሐሳብ አለው።»
ፊርማ።

የቀረውን ታውቃላችሁ። ወረቀት እግር አያጣም፤
ሲነጋ ለብቻው ዘጉበት፤ ለቀጠሮውም አልወጣም።
መስፈርቱ ያቺን ክፍል ያውቃታል፤ «ለአጭር ጊዜ ብቻ» ይላል፤
አጭሩን ማን ይለካዋል? ጨለማ ውስጥም ልጅ ያድጋል።

ቅዳሜ ነው። ልብስ አጣቢያችን ዘቢባ
አንድ ነጭ ሸሚዝ ይዛ ወደ እኔ መጣች።
«የአዲሱ ልጅ ነው። እናቱ ከሰርቦ ልካ፣
ዳኛ ፊት እንዲለብሰው።
ደረቱ ላይ ግን፣ እይው፣ ሁለት ቁልፍ ወልቋል።»

ቁልፍ።

አንድ ቃል ነው ቋንቋችን የሰጠን፣
በር ለሚዘጋውም፣ ደረት ለሚዘጋውም።
ልጁ ደረቱን ሊዘጋ ፈለገ፤
እኔ በር ሰማሁ።
ስንት ዓመቴ በር ስጠብቅ፤ ጆሮዬም በር ሆኖ ቀረ።
የጎደለው ደግሞ ሁለት ነበር፤
የለመነው አንድ።

ምግብ አብሳዩ አባ ኦሊ ሳቀ፦
«ሚፍታህ ማለት እኮ በዐረብኛ ቁልፍ ነው፤
ልጁ ስሙን ነው የጠየቀሽ።»
እኔ አልሳቅኩም።

ዕቃ ግምጃ ቤት ሄድኩ። ቅጹ ላይ ሳሙና አለ፣ ጫማ አለ፣ ባልዲ አለ፤
ቁልፍ የለም። «ልዩ ልዩ» የምትል መስመር አለች፤
እሷ የኃላፊ ፊርማ ትፈልጋለች፤
ኃላፊው አጋሮ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው።
ስብሰባው ስለ መስፈርቱ ነው አሉ።

ከደንብ ልብስ ካፖርቴ ሁለቱን በምላጭ ቆረጥኩ።
መርፌ ለልጅ አይሰጥም፤ ያ ተጽፏል፤
እኔው በሩ ሥር ተቀምጬ ሰፋሁት።
ከውስጥ ትንፋሹ ይሰማል። «ይቅርታ» ልል ነበር፤
«እጅጌውስ ልክህ ነው ወይ?» አልኩት።
«አጥሯል» አለኝ።

መዝገቡን መልሼ ገለጥኩ። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም፤
ከሥሩ፣ በጠባቧ ኅዳግ ላይ፣
«ቁልፍ ያለው የሸሚዝ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።
ሰኞ ከፈቱለት። ቀጠሮው ለሦስት ሳምንት ተገፋ።
ያቺን መስመር እስካሁን ያነበበ የለም።

ዛሬም ከአልጋው ሥር ነው። ዛሬም እግሩን ያሳየኛል፤
እኔ ግን ጎንበስ ብዬ፣ ፊቱን ሳላይ አልፈርምም።
ካፖርቴ ደረቱ ላይ ክፍት ነው። የሐምሌ ብርድ በዚያ ይገባል።
ይግባ።